እጃችንን የሚያውቅ ስልክ ማን ይሠራልናል?

(ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ ነው። ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ለጓደኞቻችሁም አጋሩት።)

 

ዛሬ የማወራው ስለ ስልክ ነው። አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ "ስለ ሀገር ልንሰማ መጥተን ስለ ቀፎ ታወራልናለህ እንዴ?" ትሉ ይሆናል። ታገሡኝ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስልክ ያልያዘ እጁን ያውጣ ብል የሚወጣ እጅ መኖሩን እጠራጠራለሁ። አንድ ትውልድ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ መጀመሪያ የሚነካው፣ ማታ ሲተኛ መጨረሻ የሚያስቀምጠው ዕቃ የሀገር ጉዳይ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

በራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መገናኛ አካባቢ፣ ሁለት ሰው ከገባባት በምትሞላ ሱቅ ውስጥ ስልክ እጠግን ነበር። አንድ ቀን ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ መጣና ስልኩን ሰጠኝ። ርካሽ ከሚባሉት ነው፤ ጥጉ ተሰንጥቋል። የፊት ካሜራውን ከፍቶ አሳየኝ፤ ጥቁር ነው፣ ምንም አያሳይም። ሌላውን ፈተሽኩ። ስክሪኑ ደህና፣ ባትሪው ደህና፣ ኔትወርኩ ደህና፣ የኋላው ካሜራ ደህና። "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የሰልፊ ካሜራ ነው፤ ገንዘብህን አታባክን" አልኩት። ዝም አለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩለት። ጆሮውን በጣቱ ነካና እጁን አወዛወዘ። መስማት የተሳነው ነበር።

ወረቀት አውጥቼ ያንኑ ጻፍኩለት። አነበበና ከስር ሁለት ቃል ጻፈ፦ "ካሜራ እናት"። አልገባኝም። "እናትህን ፎቶ ልታነሣ ከሆነ በኋላው አንሣት" ብዬ መለስኩለት። ፈገግ አለ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ ወደ ስክሪኑ ማውራት ጀመረ።

ያኔ ገባኝ። እናቱ ያለችው ክፍለ ሀገር ነው። ከእናቱ ጋር የሚያወራው በምልክት ቋንቋ፣ በቪዲዮ ነው። እኔ "የሰልፊ ካሜራ" ብዬ የናቅኩት ዕቃ ለእሱ ማይክራፎን ነው። ማይክራፎኑ የሞተ ስልክ ይዞ የመጣን ሰው "ተወው፣ ስፒከሩ ይሠራልሃል" ብዬ አባርሬ አውቃለሁ? በጭራሽ!

ካሜራውን ከሞተ ቀፎ ላይ ነቅዬ ቀየርኩለት። ስንሞክረው ግን ሌላ ነገር አየሁ። ሱቋ ደብዛዛ ናት፣ ዳታው ደካማ ነው፣ ካሜራው ርካሽ ነው። እጁን ፈጠን አድርጎ ሲያንቀሳቅስ ጣቶቹ ስክሪኑ ላይ እንደ ጭስ ይበተናሉ። እኛ ድምፅ ሲቆራረጥብን "ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል?" የምንለው ማለት ነው። እሱ ግን ስልኩ ሁሌም "ሃሎ ሃሎ" ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ይሄን ስልክ የሠሩት ሰዎች ሲሠሩት ማንን ጠየቁ?

መጀመሪያ ርካሹ ስልክ እንዴት እጃችን እንደገባ እንይ።

ስልክ ወደ ሀገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ሞባይል ግን የመጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ደህና ስልክ ማለት ዐረብ ሀገር ያለች እህት ወይም አሜሪካ ያለ አጎት የሚልከው ዕቃ ነበር። ትዝ አይላችሁም? ስልኩ ከመምጣቱ በፊት ወሬው ሰፈር ይደርስ ነበር እኮ!

ይሄን ከቀየሩት አንዱ ትራንሽን የሚባል የቻይና ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተ፣ መቀመጫው ሼንዘን የሆነ። ስሙን ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ልጆቹን ግን ታውቋቸዋላችሁ፦ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ አይቴል። የሚገርመው በገዛ ሀገሩ በቻይና ገበያ ውስጥ እምብዛም አይታወቅም። ዓይኑን የጣለው አፍሪካ ላይ ነው።

ምን አደረጉ? ተአምር አልሠሩም። ጠየቁ። በብዙ የአፍሪካ ሀገሮች ሰው ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው ሲደውል ስለሚወደድበት ሁለትና ሦስት ሲም እየቀያየረ ይጠቀማል፤ እነሱ ሁለት ሲም፣ ከዚያም አልፎ አራት ሲም የሚይዝ ስልክ አወጡ። መብራት ይጠፋል፤ ትልቅ ባትሪ አስገቡ። ብዙ ካሜራ የጥቁር ሰውን ፊት በደብዛዛ ብርሃን አጥቁሮ ያወጣ ነበር፤ ካሜራውን በእኛ ፊት ላይ አስተካከሉ። ሰው በቋንቋው መጻፍ ይፈልጋል፤ የአማርኛ መጻፊያ ጨመሩ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ መገጣጠም ጀመሩ።

ከጀርባቸው ደግሞ ሌሎች ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ቺፕ ነው። ሚዲያቴክ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ቺፕ ብቻ አይሸጥም፤ ስልኩ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየውን ንድፍ አብሮ ይሰጣል። ስለዚህ በሺህ የሚቆጠሩ መሐንዲሶች የሌሉት ኩባንያም ስልክ ማውጣት ይችላል። ሁለተኛው ሶፍትዌሩ ነው። የአንድሮይድ መሠረት ለማንም ክፍት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አንድሮይድ ጎ የሚባለውን፣ አንድ ጊጋባይት ራም እና ከዚያ በታች ላላቸው ርካሽ ስልኮች የተዘጋጀ ቀለል ያለ ዓይነት አስተዋወቀ። ርካሽ ስልክ የነዚህ ሁሉ ድምር ነው።

ትራንሽን በዚህ አተረፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የሻንጋይ የአክሲዮን ገበያ ውስጥ ገባ። እኔ በዚህ አልቀናም። ትምህርት ነው የምወስደው። ትምህርቱም ይሄ ነው፦ የሰውን ችግር ጠጋ ብሎ የጠየቀ አሸነፈ።

ግን እንዳንታለል። "ኢትዮጵያ ውስጥ የተገጣጠመ" እና "ኢትዮጵያ ውስጥ የታሰበ" አንድ አይደሉም። መገጣጠሙ ጥሩ ነው፤ ለልጆቻችን እንጀራ ነው፤ እጃቸውን ያፍታታል። ነገር ግን ስክሪኑ፣ ቺፑ፣ ሚሞሪው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ የሚከፈለውም በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የስልክ ዋጋ ምን እንደሆነ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም፤ ኪሳችሁ ያውቀዋል። "ርካሽ ስልክ" የሚለው ቃል ራሱ በማን ገንዘብ እንደሚለካ ያኔ ታየ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልሻገር። ያ ልጅ ስልኩን የሚያወራው በእጁ ነው ብዬአችሁ ነበር። እንግዲህ ዓለም ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት "ማሽን በእጅ ምልክት ይታዘዛል" እያለ ብዙ ገንዘብ አፍስሷል። ታዲያ ለምን ያን ልጅ አልጠቀመውም?

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 ማይክሮሶፍት ኪኔክት የሚባል መሣሪያ አወጣ። ቴሌቪዥን ስር ይቀመጣል፤ በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን በነጥብ በነጥብ ክፍሉ ውስጥ ይበትናል፤ ነጥቦቹ ሰውነታችሁ ላይ ሲያርፉ እንዴት እንደተዛቡ አይቶ እጅና እግራችሁ የት እንዳለ ያውቃል። በ60 ቀን ውስጥ 8 ሚሊዮን ተሸጠ፤ በጊነስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ጉድ ተባለ! እ.ኤ.አ. በ2017 ማምረቱ ቆመ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሊፕ ሞሽን መጣ። ኮምፒውተር ፊት የምትቀመጥ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ዋጋዋ 80 ዶላር ገደማ። እጃችሁን ከላይዋ ስታንቀሳቅሱ ጣቶቻችሁን አንድ በአንድ ታያለች። ቴክኖሎጂው የሚደነቅ ነበር። ግን እጃችሁን አየር ላይ ዘርግታችሁ አሥር ደቂቃ ቆዩ እስኪ! ክንድ ይዝላል። ማውስ ጠረጴዛው ላይ እያለ ማን ይደክማል? ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2019 ለአንድ የእንግሊዝ ድርጅት ተሸጠ።

ቀጥሎ የካናዳው ማዮ አለ። ክንድ ላይ የሚታሰር አምባር ነው፤ 199 ዶላር። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ የሚፈጥረውን ትንሽ ኤሌክትሪክ በስምንት ሴንሰር ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሽያጩ ቆመ። ከዚያ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ፒክስል 4 በሚባለው ስልኩ ውስጥ ትንሽ ራዳር ከተተ። አዎ፣ ራዳር! እጃችሁን ከስልኩ በላይ ስታወዛውዙ ዘፈን ይቀየራል። ራዳሩ የሚጠቀምበት ሞገድ ህንድ ውስጥ ስላልተፈቀደ ስልኩ እዚያ ሳይሸጥ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት በወጣው ፒክስል 5 ላይ ራዳሩ የለም።

አያችሁት? ገንዘብ አልጎደለም፣ ዕውቀት አልጎደለም። የጎደለው ጥያቄው ነው። "ዘፈን ለመቀየር በጣት መንካት ሰለቸኝ" ብሎ ያለቀሰ ሰው የለማ! ለሌለ ችግር መፍትሔ ሠሩ። በሌላ በኩል እጁ አንደበቱ የሆነ ሰው አለ፤ እሱ ፊት ለፊታቸው ቆሞ አላዩትም።

"አይ፣ ለነሱም ያሰቡ አሉ" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ሁለት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምልክት ቋንቋን ወደ ድምፅ የሚቀይር ጓንት ሠርተው 10,000 ዶላር ተሸለሙ። ጋዜጣው ሁሉ አጨበጨበ። መስማት የተሳናቸውና የምልክት ቋንቋ ምሁራን ግን ተቃወሙ። ለምን? የምልክት ቋንቋ እጅ ብቻ አይደለም። ፊት አለው፣ ቅንድብ አለው፣ የትከሻ አቅጣጫ አለው። ጓንት ቅንድብን አያይም። ተማሪዎቹ ክፉ ልጆች አልነበሩም፤ ሐሳባቸው ቅን ነው። ግን ሠርተው ሲያበቁ ነው ነገሩ የታወቀው፤ መጀመሪያ ላይ ቢጠይቁ ኖሮ ጓንት ባልሠሩ።

እኔም ሱቄ ውስጥ ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። ሳልጠይቅ መለስኩለት።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ዋናው ጉዳዬም ይሄ ነው።

ዛሬ እጅን ለማየት ኪኔክት አያስፈልግም፣ ራዳር አያስፈልግም፣ 199 ዶላር አያስፈልግም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ሚዲያፓይፕ በሚባለው የሶፍትዌር ጥቅል ውስጥ እጅን የሚለይ ክፍል በነፃ ለቀቀ። በተራ የስልክ ካሜራ እጃችሁን አይቶ 21 ነጥቦችን ያስቀምጣል፤ የእያንዳንዱን ጣት መገጣጠሚያ፣ ጫፉን፣ የእጅ አንጓውን። ያለ ኢንተርኔት፣ ስልኩ ውስጥ ይሠራል። እንዴት ተማረ? ሰዎች ቁጭ ብለው ወደ 30,000 በሚጠጉ የእጅ ፎቶዎች ላይ ነጥቦቹን አንድ በአንድ በእጃቸው አስቀምጠው ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ሥራ ነው።

ስለዚህ መሣሪያው ኪሳችሁ ውስጥ ነው ያለው። ግን ያ መሣሪያ ጣታችሁ የት እንዳለ ነው እንጂ ምን እያላችሁ እንደሆነ አያውቅም። ትርጉሙን የሚያስተምረው ሰው ይፈልጋል። የኛን እጅ ትርጉም ማን ያስተምረው?

እስቲ አስቡት። እኛ ሰው ስንጠራ መዳፋችንን ወደ ታች አድርገን ጣቶቻችንን እናጥፋለን። መዳፍ ወደ ላይ ገልብጦ በአንድ ጣት መጥራት ለኛ ንቀት ነው፤ አያቶቻችን ፊት ብናደርገው እንቆነጠጣለን። ለታላቅ ዕቃ ስናቀብል ቀኝ እጃችንን በግራ ደግፈን ነው። ይሄን ሁሉ ውጭ ሀገር የተማረ ማሽን ከየት ያውቀዋል?

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው። ብዙዎቻችን አማርኛን በእጅ ማሳየት ይመስለናል። አይደለም። የራሱ ሰዋስው ያለው ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዲግሪ ደረጃ ትምህርት ይሰጥበታል። ያ ልጅ "ካሜራ እናት" ብሎ ሲጽፍልኝ ያልተማረ መስሎኝ ነበር። አላዋቂው ለካ እኔ ነበርኩ። እሱ ሁለተኛ ቋንቋውን ነበር የጻፈልኝ፤ የእኔ ሁለተኛ ቋንቋ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው።

አሁን ልባችሁን የሚነካ ነገር ልንገራችሁ። ይሄ የምልክት ቋንቋ ስምና አዲስ ቃል በጣት የሚጻፍበት የራሱ የእጅ ፊደል አለው። የሚጻፈውም በእኛው ፊደል ነው! እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው። ሰባቱ ቤቶች ደግሞ በእንቅስቃሴ ይለያሉ። "ለ" አንድ የእጅ ቅርጽ ናት፤ ያው ቅርጽ በተለያየ እንቅስቃሴ "ሉ" ይሆናል፣ "ሊ" ይሆናል፣ "ላ" ይሆናል። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ በአየር ላይ ይሄዳሉ። ልጅ ሆነን የኔታ ፊት "ሀ ሁ ሂ" ያልነው፣ እነሱ በእጃቸው ይሉታል።

ቴክኒኩ ላይ ሲመጣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የአሜሪካኖቹ የእጅ ፊደል ከሁለቱ ፊደላት በቀር የቆመ ቅርጽ ነው፤ አንድ ፎቶ አይቶ መለየት ይቻላል። ለዚህ ነው ኢንተርኔቱ በአሜሪካ የእጅ ፊደል መለማመጃ የተሞላው። የኛን ግን በአንድ ፎቶ መለየት አይቻልም፤ አናባቢው ያለው እንቅስቃሴው ውስጥ ነው። ስለዚህ የነሱን ፕሮግራም አውርዶ ስሙን መቀየር አይሠራም። "ለ" እና "ሎ" አንድ ሆነው ይቀራሉ። የኛን ፊደል የሚያውቅ ፕሮግራም ከመሠረቱ በእኛ እጅ መሠራት አለበት። በሁለት ትርጉሙ፣ በእኛ እጅ።

ወገኖቼ፣ እኛ ፊደላችንን እንወዳለን። ቲሸርት ላይ እናትመዋለን፣ ክንዳችን ላይ እንነቀሰዋለን፣ "የራሳችን ፊደል አለን" ብለን ደረታችንን እንነፋለን። ተገቢ ነው። ግን ያው ፊደል በእጁ የሚኖርበት ወንድማችን ስልኩ ላይ ሊጽፈው አልቻለም። ኩራታችን እስከ ቲሸርቱ ብቻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

"ይሄ ለኛ ከባድ ነው፣ የትልልቅ ኩባንያ ሥራ ነው" የሚል ካለ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ይይ። ታይፕራይተር ወደ ሀገራችን ሲገባ ለእንግሊዝኛና ለፈረንሳይኛ ፊደል የተሠራ ነበር። ያን ጠባብ ማሽን ከፊደላችን ጋር ለማስማማት የደከሙት ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ በአሜሪካ የሚኖሩት ዶክተር አበራ ሞላ ነበሩ፤ ዘፋኙን ማለቴ አይደለም፣ ሳይንቲስቱን ነው። እሳቸውና ሌሎች ባለሙያዎች ግዕዝን ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ዓመታት ፈጁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ ዘንድ የታወቀ ቁጥር አገኘ።

ይሄም ሆኖ ከዚያ ዓመታት በኋላ የወጡ የመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ አማርኛ ስትከፍቱ የሚመጣው ባዶ ሳጥን ነበር። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን! ታስታውሳላችሁ? ቁጥሩ አለ፣ ስልኩ ውስጥ ግን የፊደሉ ቅርጽ የለም። የራሳችን ልጆች ናቸው መጻፊያ አፕ እየሠሩ ክፍተቱን የሞሉት። ዛሬ ይሄን ጽሑፍ በፊደላችን የምታነቡት ከነዚህ ሁሉ ሰዎች ድካም የተነሣ ነው። ማንም በችሮታ አልሰጠንም።

እጃችን ዛሬ ያለው ልክ ያኔ ፊደላችን በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ማሽኑ ሲያየው ባዶ ሳጥን ነው የሚታየው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አጨብጭበን እንዳንለያይ አምስት ነገር ልተውላችሁ።

አንደኛ፣ ስልክ ስትገዙ ጠይቁ። ሻጩ "ይሄ ባለ ሦስት ካሜራ ነው" ሲላችሁ የፊቱን ካሜራ ከፍታችሁ እዚያው ደብዛዛው ሱቅ ውስጥ እጃችሁን አወዛውዙበት። ጣታችሁ ይታያል ወይስ ጭስ ይሆናል? ብዙ ርካሽ ስልኮች ጋይሮስኮፕ የላቸውም፤ ያ ማለት የስልኩን መዞር በትክክል አይለኩም። የሶፍትዌር ማሻሻያ እስከ መቼ እንደሚመጣለት ጠይቁ። *#06# ደውላችሁ የሚወጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ፤ ካልሆነ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፣ ተዉት።

ሁለተኛ፣ የሞተ ቀፎ አትጣሉ። ያ ልጅ ከእናቱ ጋር የተገናኘው ከሞተ ስልክ በተነቀለ ካሜራ ነው። ጥገና የሚማር ልጅ ሰፈራችሁ ካለ ስጡት። ጥገና ዝቅ ያለ ሥራ አይደለም፤ የሌላውን ሰው ሐሳብ ፈትቶ ማየት ነው። መፍታት የቻለ አንድ ቀን መግጠም ይችላል።

ሦስተኛ፣ ኮምፒውተር የምትማሩ፣ በትንሹ ጀምሩ። "የምልክት ቋንቋን ሙሉ በሙሉ የሚተረጉም አፕ" ብላችሁ ፖስተር አታትሙ። አንድ ፊደል ያዙ። "ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ"፤ ሰባት እንቅስቃሴ። ስልካችሁ እነዚህን ሰባቱን ይለይ። ይሄን ስትጨርሱ ሌላው ፊደል ይቀላችኋል። ሁሉም ቋንቋው አይደለም፤ የቋንቋው አንድ በር ነው። ግን በር ነው።

አራተኛ፣ ያለ እነሱ ምንም እንዳትሠሩ! የጓንቱን ታሪክ አትርሱ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር አለ፤ በየትምህርት ቤቱና በየሰፈሩ ወጣቶቹ አሉ። ሂዱና "ምን ቸገራችሁ?" በሉ። ቪዲዮ ስትቀርጹ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ የአንድ ሰው እጅና ፊት የራሱ ንብረት ነው፣ ሳይፈቅድ ኢንተርኔት ላይ አይለጠፍም። ከሥራው ገንዘብ ከተገኘ ድርሻቸውን ስጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ረዳት አድርጋችሁ አታስቀምጧቸው፤ እነሱ ይምሩ። ስለ እጅ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አምስተኛ፣ በውጭ ሀገር ሆናችሁ ይሄን ገጽ የምትከታተሉ፣ ለዘመድ ስልክ ስትልኩ የሰፈር መነጋገሪያ የሚሆነውን አዲሱን ብቻ አትፈልጉ። ያገለገለ ግን ካሜራው ጥሩ የሆነ ስልክ ለአንድ መስማት ለተሳነው ተማሪ ሙሉ አንደበት ነው። በሙያው ውስጥ ያላችሁ ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ ለአንድ የሀገር ቤት ተማሪ ስጡ፤ ኮዱን እዩለት፣ የተሳሳተውን አርሙለት። ከምትልኩት ዶላር ይልቅ ይሄ ይቆያል።

ልጨርስ ነው።

ያ ልጅ ከወር በኋላ ተመልሶ መጣ። ደነገጥኩ፤ ካሜራው ተበላሽቶበት መሰለኝ። አይደለም፤ ጓደኛውን ይዞ ነው የመጣው። የጓደኛውም ስልክ የፊት ካሜራው አይሠራም። በዚህ ጊዜ ምንም አልጻፍኩም፣ ምንም አልመከርኩም። ስልኩን ተቀብዬ መክፈት ጀመርኩ። እስክጨርስ ድረስ ሁለቱ በእጃቸው ሲያወሩ ነበር፤ ስለኔም ሳያወሩ አልቀሩም፣ እያዩኝ ይስቁ ነበር! እኔ አንድ ቃል አልገባኝም። የገዛ ሱቄ ውስጥ፣ በገዛ ሀገሬ፣ የገዛ ወገኖቼን ቋንቋ የማላውቅ እኔ ነበርኩ።

ሲሄዱ "አመሰግናለሁ" እንዴት እንደሚባል አሳዩኝ። እስከዛሬ የማውቀው ጥቂት ምልክት ነው፤ ግን ጀምሬያለሁ። እናንተም ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ስልካችሁን ከፍታችሁ የስማችሁን የመጀመሪያ ፊደል በእጅ እንዴት እንደሚጻፍ ፈልጉ። አንድ ፊደል ብቻ።

ርካሹን ስልክ ሌሎች ጠይቀው ሠሩልን፤ ገዛን፣ ተጠቀምን፣ እናመሰግናለን። ይሄኛውን ግን ከሼንዘንም ከካሊፎርኒያም መጥቶ የሚጠይቅልን የለም፤ ገበያው ለነሱ ትንሽ ነው። ለኛ ግን ወንድም ነው፣ እህት ናት። ሀገር መውደድ ማለት ማንም የማይጠይቀውን ወገን ሄዶ መጠየቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

የጀመራችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልን፤ መስማት የተሳናችሁ ወገኖቻችን ደግሞ ምን እንደሚቸግራችሁ ንገሩን፣ በቪዲዮም ቢሆን በራሳችሁ ቋንቋ። እናነባለን፣ እናያለን፣ እንማራለን።

ኢትዮጵያ በልጆቿ እጅ ከፍ ትበል! ቸር እንሰንብት።